ወንድሜ ካሜራ ሊገዛልኝ ነው፣ እኔ ግን የቸገረኝ ሌላ ነው

ጥያቄ፦

ሰላም ለእርስዎ ይሁን። የ27 ዓመት ሴት ነኝ። የምኖረው ጎንደር ፒያሳ አካባቢ ነው። ሥራዬ ፎቶ ማንሳት ነው፤ ሰርግ፣ ክርስትና፣ ምርቃት፣ የተገኘውን ሁሉ። ሴት ስለሆንኩ ሙሽሮች ሲኳኳሉና ሲለብሱ እኔ እንዳነሳቸው ይመርጣሉ። እንጀራዬም ስሜም የወጣው በዚያ ነው።

ካሜራዬ ካኖን 6ዲ ነው። ሁለት ሌንስ አለኝ፤ 24-105 ኤፍ 4 እና 50 ኤፍ 1.8 (የፊቱ ቁጥር ሲበዛ ያቀርባል፣ የኤፍ ቁጥሩ ሲያንስ ብዙ ብርሃን ያስገባል)። ሁሉንም ቀስ በቀስ የላከልኝ ቨርጂኒያ የሚኖረው ታላቅ ወንድሜ ነው። ለጥምቀት ይመጣል። ባለፈው ደውሎ «ሶኒ ኤ ሰቨን 4 ከነሌንሱ ይዤልሽ እመጣለሁ፣ ያንን አሮጌ ጣይው» አለኝ። እናቴ ስልኩ ላይ እልል አለች። አሁን ሰፈሩ ሁሉ ሰምቷል።

እኔ ግን ደስ አላለኝም፣ ለምን እንደሆነ ራሴም ተቸግሬያለሁ። ሌንሶቼ ምን ሊሆኑ ነው? ከሶኒው ጋር የሚመጣው ሌንስ 28-70 የሚባለው ነው። እኔ ደግሞ የዕቁብ ዕጣዬ ሊደርሰኝ ስለሆነ በእሱ ለጨለማ የሚሆን ጥሩ ሌንስ ልገዛ ነበር ያሰብኩት። አብሮኝ የሚሠራው ልጅ «ሁሉም ወደ ሶኒ ሄዷል፣ ያለሽን ሽጪና ገላገል በይ» ይለኛል።

ካሜራዬ አልቸገረኝም ብል ውሸት ነው። አንድ ተክሊል ላይ ሙሽሮቹ ከቤተ ክርስቲያን ሲወጡ ያነሳኋቸው ፎቶዎች ዓይናቸው ላይ ፎከስ ስቶብኛል፤ ጥርት ያለው የኋላው ሚዜ ነው። ሌላ ጊዜ ካርዱ አልከፍት ብሎኝ ሳለቅስ አደርኩ። በስንት መከራ ፋይሉ ተገኘ።

ወንድሜ ሌሊት እየሠራ ያጠራቀመው ገንዘብ ነው። «ይህን አልፈልግም» ማለት ነውር ሆነብኝ። ዝም ብዬ ልቀበለው? ወይስ ልንገረው?

ፎቶ አንሺዋ፣ ከጎንደር

መልስ፦

እህቴ፣ «ደስ አላለኝም፣ ለምን እንደሆነ ራሴም ተቸግሬያለሁ» ያልሽውን ደጋግሜ አነበብኩት። ምክንያቱን አንቺው ጽፈሽዋል እኮ። የጨለማ ሌንስ ልትገዢ አስበሽ ነበር። ሌንሶችሽ አሳስበውሻል። ይህ ስጦታ መናቅ አይደለም። ሥራውን የምትሠሪው አንቺ ስለሆንሽ የት እንደሚያምሽ ታውቂያለሽ። ወንድምሽ ደግሞ ካሜራሽን የሚያየው ከቨርጂኒያ ሆኖ ነው፤ ከዚያ የሚታየው የሞዴሉ ቁጥር ብቻ ነው።

ስለዚህ አጭሩን መልስ ላስቀድም። ንገሪው። ግን «አልፈልግም» ብለሽ አይደለም፣ «ሌላ ቢሆንልኝ» ብለሽ። ያ ሌላው ምን እንደሆነ ደግሞ በደንብ ለይተሽ ያዥ። ካልያዝሽ እሱ «እሺ ምን ላምጣ?» ሲልሽ ተንተባትበሽ መልሰሽ እዚያው ሶኒ ላይ ትወድቂያለሽ።

መጀመሪያ ችግሮችሽን እንለያያቸው፣ ምክንያቱም ሦስቱም አንድ ላይ «አሮጌ ካሜራ» ተብለው ተጠቅልለዋል። የመጀመሪያው ፎከሱ ነው። እዚህ ላይ ጥፋቱ ያንቺ እንዳይመስልሽ። 6ዲ በ2012 የወጣ ካሜራ ነው። የፎከስ ነጥቦቹ 11 ብቻ ናቸው፣ ከእነሱም ጠንካራው የመሀሉ አንዱ ነው። በዚያ በመሀሉ ነጥብ ዓይኗን ይዘሽ፣ ካሜራውን ወደ ጎን አዙረሽ ፎቶውን ስታስተካክዪ፣ ሙሽራዋ ደግሞ ወዳንቺ እየተራመደች ከሆነ፣ በ50ው ሌንስ ኤፍ 1.8 ላይ ዓይኗ ከፎከስ ቢወጣ ምን ይደንቃል? በኤፍ 1.8 ጥርት ብሎ የሚወጣው ቦታ ጠባብ ስለሆነ፣ እየሄደ ያለ ሰው ላይ አንድ እርምጃ ብዙ ነው። አዲሶቹ ሚረርለሶች (ውስጣቸው መስታወት የሌላቸው ካሜራዎች) ዓይንን ራሳቸው ፈልገው ይይዛሉ፣ ሰውየው ሲራመድም ይከተሉታል፣ ዓይኑ የፎቶው ጥግ ላይ ቢሆንም። ይህ ማስታወቂያ አይደለም፣ በእውነት ሥራ የሚቀይር ነገር ነው። ለዚህ መፍትሔው ቦዲ (ያለ ሌንሱ ካሜራው ራሱ) ነው፣ ሌንስ አያድንሽም።

ሁለተኛው ካርዱ ነው። 6ዲ ካርድ የሚይዝበት ቦታ አንድ ብቻ ነው። ሁለት ካርድ የሚይዝ ካሜራ እያንዳንዱን ፎቶ ሁለቱም ላይ ይጽፍልሻል፤ አንዱ ቢሞት ሌላው አለ። ሰርግ ተመልሶ አይነሳም። ከካሜራ ዝርዝር ውስጥ አንድ ነገር ብቻ ምረጪ ብባል እኔ ለሰርግ አንሺ የምመርጠው ይህን ነው፣ ከሜጋፒክስል ሁሉ በፊት። ይህም የቦዲ ጉዳይ ነው።

ሦስተኛው ጨለማው ነው፣ እሱ ግን የሌንስ ጉዳይ ነው። እዚህ ላይ ትንሽ ልቆይ፣ ምክንያቱም ወንድምሽ ያሰበው ስጦታ የሚጎድለው እዚህ ጋ ነው።

ደብረ ብርሃን ሥላሴ ውስጥ ገብተሽ ታውቂያለሽ። ጣሪያው ላይ ያሉት የመላእክት ፊቶች ዓለም የሚያውቃቸው ናቸው፣ ውስጡ ግን ድንግዝግዝ ያለ ነው። እንዲህ ያሉ ጥንታዊ ሥዕሎች ያሉበት ቦታ ላይ ፍላሽ አይተኮስም፣ ደግሞም ቅዳሴና ተክሊል ላይ ፍላሽ ማብረቅ ራሱ ያሳፍራል። እንዲህ ያለ ቦታ በ24-105 ሌንስሽ ኤፍ 4 ላይ አይኤስኦ (ካሜራው ለብርሃን ያለው ስሜት፣ ሲበዛ ፎቶው ይሻክራል) 6400 ያስፈልግሻል እንበል። በዚያው ቦታ፣ በዚያው የሸተር ፍጥነት (ብርሃን በሚገባበት የጊዜ ርዝመት)፣ በ50ው ኤፍ 1.8 ብታነሺ 1300 ገደማ ይበቃሻል። ልዩነቱ ወደ አምስት እጥፍ ብርሃን ነው። አሁን ከሶኒው ጋር የሚመጣውን 28-70 እይው። እሱ ሲያቀርብ፣ 70 ላይ፣ ኤፍ 5.6 ነው። ይህ ማለት አሁን «አልበቃኝም» ካልሽው 24-105 እንኳ በግማሽ ያነሰ ብርሃን ነው የሚያስገባው! ከ50ው ጋር ካወዳደርሽው ደግሞ አንድ አሥረኛ ገደማ። ካሜራው ምንም ያህል ዘመናዊ ቢሆን ይህን ብርሃን ከየትም አያመጣውም። በጨለማ የተሻለ ቢሠራም ከሌንሱ የጎደለውን ለመሙላት ሲታገል ይውላል።

ለዚህ ነው ልብሽ ያልደነገጠው... ማለቴ በደስታ ያልደነገጠው።

«ቦዲው ውስጥ የእጅ መንቀጥቀጥ የሚያረጋጋ ነገር አለው፣ በዝግታ ሸተር ማንሳት ትችያለሽ» የሚልሽ ሰው ይኖራል። እውነት ነው፣ አለው። ግን የሚያረጋጋው ያንቺን እጅ ነው። የእስክስታ ትከሻ አያረጋጋም። ቆመው የሚጸልዩ ካህናትን በአንድ ሃያኛ ሰከንድ ማንሳት ትችዪ ይሆናል፣ አዳራሽ ውስጥ አዝማሪው ሙሽሪትን ሲያሞግስና ዘመድ ሁሉ ተነስቶ ሲጨፍር ግን የሚያድንሽ ሰፊ የሚከፈት ሌንስ ወይም ፍላሽ ነው።

እሺ፣ እንግዲህ ቦዲም ሌንስም ያስፈልግሻል ማለት ነው። ወንድምሽ በግማሹ ልክ ነው፣ አንቺም በግማሹ። ጥያቄው የትኛው ቦዲ የሚለው ነው።

አብሮሽ የሚሠራው ልጅ የሚለው ባዶ ወሬ አይደለም። ከዜሮ ብትጀምሪ ኖሮ እኔም ሶኒን እይው እል ነበር። ኤ ሰቨን 4 ጎበዝ ካሜራ ነው፤ 33 ሜጋፒክስል፣ ሁለት ካርድ፣ ጥሩ ባትሪ። ለሶኒ ታምሮንና ሲግማ የሚሠሯቸው ብዙ ሌንሶች አሉ፣ ከሶኒ ከራሱ ሌንስ ዋጋቸው ይቀንሳል። ካኖን በዚህ በኩል ቆጣቢ ነው። በ2018 አር ኤፍ የሚባለውን አዲሱን የሌንስ አገጣጠም ካመጣ በኋላ ለሌሎች አምራቾች በሩን ሲከፍት ዘግይቷል፣ ሲከፍትም የጀመረው ትንሽ ሴንሰር (ብርሃኑን ወደ ፎቶ የሚለውጠው ክፍል) ላላቸው ካሜራዎች ከሚሠሩ ሌንሶች ነው። ይህ ወደፊት አዲስ ሌንስ መግዛት ስትጀምሪ ኪስሽን የሚነካ ነገር ነው፣ ስለዚህ አልደብቅሽም።

ግን አንቺ ከዜሮ አትጀምሪም። የካኖን ሌንሶች አሉሽ፣ የካኖን ባትሪዎች አሉሽ፣ ምናልባት የካኖን ፍላሽም። እጅሽ ካኖንን ለምዷል፤ በጨለማ ሳታዪ አይኤስኦ የምትቀይሪበትን ቁልፍ ታውቂያለሽ። ሶኒ ሲመጣ ይህ ሁሉ አንድ ላይ ይቀየራል። የካኖን ሌንስ ሶኒ ላይ የሚያስገጥም አዳፕተር አለ፣ ይገጥማልም። ነገር ግን ሁለቱ ኩባንያዎች ሌንስና ቦዲ የሚነጋገሩበት መንገድ የተለያየ ስለሆነ፣ ፎከሱ አንዱ ሌንስ ላይ ደህና ሆኖ ሌላው ላይ ሊያመነታ ይችላል፣ ቪዲዮ ላይ ደግሞ ይብሳል። ፎከስ አስቸግሮሽ ቦዲ እየቀየርሽ ፎከስ የሚያጠራጥር መንገድ ውስጥ መግባት ምን ይባላል?

ከካኖን ወደ ካኖን ግን ሌላ ታሪክ ነው። ያንቺ ሌንሶች ኢ ኤፍ ይባላሉ። እነሱ የተሠሩት ከሴንሰሩ 44 ሚሊሜትር ርቀው እንዲቀመጡ ነው፣ መሀል ላይ የሚገለበጥ መስታወት ስለነበረ። ሚረርለሱ ላይ መስታወቱ ስለሌለ ርቀቱ 20 ሚሊሜትር ሆነ። አዳፕተሩ የሚሠራው የቀረውን 24 ሚሊሜትር መሙላት ብቻ ነው። ውስጡ ባዶ ነው፣ መነጽር የለውም፣ ስለዚህ ፎቶውን አያበላሽም። የኤሌክትሪኩ መገናኛም የካኖን የራሱ ስለሆነ 50ውም 24-105ውም ልክ በቤታቸው እንዳሉ ይሠራሉ። እንዲያውም የዓይን ፎከሱ አሮጌ ሌንስሽ ላይ ስለሚሠራ ከድሮው የተሻሉ ሆነው ታገኚያቸዋለሽ።

እንግዲህ እኔ ወንድምሽን አምጣልኝ ብዬ የምለምነው ካኖን አር 6 ነው፤ የመጀመሪያው፣ በ2020 የወጣው፣ ያገለገለ ግን ንጹሕ የሆነ። በ2022 ተከታዩ ማርክ 2 ስለወጣ የመጀመሪያው ዋጋው ወርዷል፣ አሜሪካ ደግሞ ያገለገለ ካሜራ ፈትሸውና የተወሰነ ዋስትና ሰጥተው የሚሸጡ ሱቆች ሞልተዋል። ሁለት ካርድ ይይዛል። ዓይን ይከተላል። የእጅ ማረጋጊያ ቦዲው ውስጥ አለው፣ ስለዚህ ማረጋጊያ የሌለው 50ሽም ይረጋጋል። ድምፅ ሳያሰማ ያነሳል፤ ተክሊል ላይ «ቀጭ ቀጭ» እያልሽ ቄሱ ዞር ብለው እንዳያዩሽ።

20 ሜጋፒክስል ነው። «ከሶኒው 33 ያንሳል» ብሎ የሚከራከርሽ አይጠፋም። 6ዲሽም 20 ነው እኮ። አልበም ደንበኛ «ፒክስሉ አነሰኝ» ብሎ መልሶልሽ ያውቃል? ላፕቶፕሽስ እንዴት ነው? 33 ሜጋፒክስል ሮው (ያልተነካ ጥሬ) ፋይል የሰርጉ ሙሉ ቀን ሲሆን ሃርድ ዲስክም ትዕግሥትም ይበላል። አንድ ነገር ግን ልንገርሽ፤ የአር 6 ሮው ፋይል ዓይነቱ አዲስ ነው፣ ላይትሩምሽ (ፎቶ የምታስተካክዪበት ፕሮግራም) የድሮ ከሆነ አይከፍትልሽም። ከሰርጉ ማግስት ሳይሆን ከአሁኑ አረጋግጪ።

«ርካሹ አር ፒ ወይም አር 8 አይሻልም?» ካለሽ ወንድምሽ፣ ላንቺ አይሻልም በይው። ጎበዝ ናቸው፣ ቀላል ናቸው፣ ግን ሁለቱም አንድ ካርድ ብቻ ይይዛሉ፣ ማረጋጊያው የላቸውም፣ ባትሪያቸውም ያንቺ ዓይነት አይደለም። አልቅሰሽ ካደርሽበት ሌሊት አያወጡሽም።

ስለ ባትሪ ካነሳን፣ ሚረርለስ ላይ ብዙ ሰው የሚደነግጠው በዚህ ነው። 6ዲ በአንድ ባትሪ ወደ 1,090 ፎቶ ይባልለታል። አር 6 በመስኮቱ እያየሽ ወደ 380 ነው የሚባልለት። በሥራ ላይ ከዚያ በላይ ያስኬዳል፣ ቢሆንም ልዩነቱ ልዩነት ነው፣ ምክንያቱም የምታይበት መስኮት ራሱ ትንሽ ስክሪን ነው፣ ሁልጊዜ ይበላል። ደስ የሚለው ያንቺ የ6ዲ ባትሪዎች አር 6 ውስጥ ይገባሉ፤ አሮጌዎቹ አቅማቸው ያንሳል እንጂ ይሠራሉ። መብራት እንዴት እንደሚሄድ ታውቂያለሽ፣ ስለዚህ ቢያንስ ሦስት ሙሉ ባትሪ ሳትይዢ ከቤት አትውጪ። በቦርሳ ከተያዘ ፓወር ባንክም መሙላት ይቻላል፣ ግን ፒዲ የሚባለውን ፈጣን ቻርጅ የሚችል መሆን አለበት፣ ባትሪውም አዲሱ ዓይነት መሆን አለበት።

ክብደት ይቀንሳል የሚሉሽንም አትስሚ። 6ዲ ከነባትሪው 770 ግራም ነው። አር 6 680 ነው። አዳፕተሩ 110። ደምሪው። በ20 ግራም ጭራሽ በለጠ!

ድምፅ አልባውን ሸተር በተመለከተ አንድ ማስጠንቀቂያ አለኝ። ቤተ ክርስቲያን ውስጥ በቀን ብርሃንና በሻማ ተጠቀሚበት። አዳራሽ ውስጥ ግን ተጠንቀቂ፤ ብዙዎቹ ኤልኢዲና የዱላ መብራቶች ዓይናችን ሳያየው ይርገበገባሉ፣ የኛ አገር መብራት 50 ኸርዝ ስለሆነ ብዙ ጊዜ በሰከንድ 100 ጊዜ። ድምፅ አልባው ሸተር ሴንሰሩን ከላይ ወደ ታች ቀስ እያለ ስለሚያነብ ፎቶው ላይ ጥቁር መስመር መስመር ይወጣብሻል፣ የሙሽሪት ነጭ ቬሎ ላይ ደግሞ ቁልጭ ብሎ ይታያል። አዳራሽ ስትገቢ ወደ መካኒካሉ ሸተር መልሺው፣ የሸተር ፍጥነትሽን ወደ አንድ መቶኛ አካባቢ አድርጊና ሞክሪ። ደግሞ በድምፅ አልባው ላይ ፍላሽ አይተኩስም። መተኮስ እምቢ ሲልሽ ተበላሸ ብለሽ እንዳትደነግጪ።

አሁን ወደ ዕቁቡ። ሌንስ የማሰብሽ ነገር ትክክል ነው፣ ግን ዕጣው እንደወጣ ሮጠሽ አትግዢ። መጀመሪያ አንድ ማታ ቡናሽን ጠጪና ላፕቶፕሽን ክፈቺ። ያለፉትን ሰርጎች ፎቶ ውስጥ ለደንበኛ የሰጠሻቸውን ብቻ ለይተሽ፣ በስንት ሚሊሜትር እንዳነሳሻቸው እይ። ፋይሉ ላይ ተጽፏል፣ ላይትሩም ላይብረሪ ውስጥ ማጣሪያው ላይ ሜታዳታ ብትዪ በሌንስና በሚሊሜትር ይዘረዝርልሻል። የሰው ወሬ ከሚነግርሽ ይልቅ ያ ዝርዝር ይንገርሽ።

ብዙዎቹ ከ24 እስከ 40 መካከል ከሆኑ፣ ማለትም ሥራሽ ሙሽሪት የምትለብስባት ጠባብ ክፍል ውስጥ፣ አምስት ሚዜና አንድ ሜካፕ አርቲስት ተጨናንቀው፣ ጀርባሽን ከቁም ሣጥን ጋር አጣብቀሽ ከሆነ፣ የሚያስፈልግሽ ኢ ኤፍ 35 ኤፍ 2 አይኤስ የሚለው ነው። ማረጋጊያ አለው። ፊት ወደ ፎቶው ዳር ስታደርጊ ትንሽ እንደሚያሰፋ ብቻ አስታውሺ፣ እናቶችን ዳር ላይ አታስቀምጪ፣ ይቀየሙሻል። ብዙዎቹ 70 እና ከዚያ በላይ ከሆኑ ደግሞ ኢ ኤፍ 85 ኤፍ 1.8። ከ1992 ጀምሮ ያለ ሌንስ ነው፣ ያረጀ ይመስላል፣ ግን ፈጣን ነው፣ ፊት ያሳምራል፣ ያገለገለው ርካሽ ነው። ሙሉ በሙሉ ስትከፍቺው ነጭ ልብስ ጫፍ ላይ ሐምራዊ ነገር ሊያወጣ ይችላል፣ በኤዲቲንግ ይጠፋል። እኔ አንቺን በደብዳቤሽ ብቻ ካየሁሽ 35ው ይመስለኛል። ዝርዝሩ ሌላ ካለ ግን ዝርዝሩን እመኚ።

«ለምን አዲሱን አር ኤፍ ሌንስ አላሉኝም?» ብለሽ ትጠይቂኝ ይሆናል። የአር ኤፍ ሌንስ 6ዲ ላይ አይገባም። ኢ ኤፍ ከሆነ ግን ሁለቱም ቦዲ ላይ ይሠራል። እኔ ደግሞ 6ዲሽን እንድትሸጪው አልፈልግም። «ጣይው» ያለውን ወንድምሽን በዚህ አትስሚው። ሰርግ ላይ 35ውን አንዱ ቦዲ ላይ፣ 24-105ውን ሌላው ላይ አድርገሽ በሁለት ትከሻሽ ይዘሽ ስትገቢ፣ ሌንስ ለመቀየር ጎንበስ ስትዪ የሚያመልጥሽ ሳቅ አይኖርም። ባትሪያቸው አንድ ነው፣ ሌንሳቸው አንድ ነው፣ አንዱ ቢሞት ሰርጉ አይቆምም። 6ዲ ዛሬ ቢሸጥ የሚያመጣልሽ ገንዘብ ይህን አያህልም።

ከዕቁቡ የተረፈውን ጥሩ ካርድና ሃርድ ዲስክ ላይ አውይው። አያምርም፣ ማንም አያይልሽም፣ ግን አውይው።

አሁን የከበደሽ ነገር፣ ወንድምሽ። እስቲ ልጠይቅሽ፤ የምትፈሪው እሱን ማስቀየም ነው ወይስ «ይቺ ልጅ መረጠች» መባልን? ሁለቱ የተለያዩ ናቸው። ካሜራ ሲልክልሽ የኖረ ሰው የሚፈልገው ሶኒውን ይመስልሻል? እኔስ አይመስለኝም። የሚፈልገው «እህቴ በላክሁላት ነገር ሰው ሆነች» ማለትን ነው። እሱን ደግሞ አንቺ ልትሰጪው ትችያለሽ፣ ሶኒም ሳይኖር።

በጽሑፍ አትላኪለት። ደውዪለት፣ ሥራ ላይ ባልሆነበት ሰዓት፣ እናትሽ አጠገብሽ በሌለችበት። በራስሽ አባባል አስተካክይው እንጂ እንዲህ ዓይነት ነገር በይው፦ «ወንድምጋሼ፣ የላክህልኝ ሌንሶች እስከ ዛሬ እንጀራ አብልተውኛል፣ ልጥላቸው አልፈልግም። አሁን የቸገረኝ ሁለት ነገር ነው፤ ዓይን ላይ ፎከስ እየሳተብኝ ነው፣ ካርዱም አንድ ብቻ ስለሆነ እፈራለሁ። ለዚህ ያሰብከው ሶኒ ሳይሆን የካኖን አር 6 ያገለገለው ይሻለኛል፣ አንተ የላክህልኝ ሌንስ ሁሉ ይገባበታል። ዋጋውም ይቀንስልሃል።» ከዚያ ዝም በይ። ይናገር። ቢቆጣ እንኳ መጀመሪያ ላይ ነው። ተክሊሉ ላይ የሳተብሽን ፎቶ ላኪለት፣ አጠገቡም በ50ው በደንብ የወጣልሽን። ፎቶውን ሲያይ ከቃልሽ በላይ ይገባዋል።

«አይ፣ አዲስ ነው የምገዛልሽ፣ ያገለገለ ነገር ለእህቴ አላመጣም» ካለ፣ ይህንንም አስቢበት፣ ስደት ላይ ያለ ሰው ይህን ማለቱ አይቀርም፣ ያኔ ማርክ 2ን አዲስ ይግዛ። 24 ሜጋፒክስል ነው፣ ሁለት ካርድ፣ ያው ባትሪ፣ ያው አዳፕተር። ዋጋው ይከብዳል እንጂ አይጎዳሽም። እሱም «ያገለገለ ወሰድኩላት» ብሎ አያፍርም። ሶኒውን ቀድሞ ገዝቶት ከሆነስ? ሱቆቹ የመመለሻ ጊዜ አላቸው፣ ሳይከፈት ይመልሰው። ለዚህ ነው ነገ ዛሬ ሳትዪ ይህን ሳምንት መደወል ያለብሽ። ጊዜው አልፎ ከሆነና ሶኒው መምጣቱ ካልቀረ ዓለም አልጠፋም፤ 28-70ውን ለቀን ብርሃን ተዪው፣ የዕቁቡን ገንዘብ ለሶኒው አንድ ሰፊ የሚከፈት 35 ወይም 50 ላይ አውይው፣ 6ዲው ከነሌንሶቹ እንደቆመ ይቆይ፣ ቀስ ብለሽ ትሻገሪያለሽ።

ያገለገለውን ሲገዛ የሚያያቸውን ነገሮች ላኪለት። ሌንሱን ኤፍ 16 አድርጎ ነጭ ግድግዳ ወይም ሰማይ ያንሳ፤ ጥቁር ነጠብጣብ ሴንሰሩ ላይ ቆሻሻ አለ ማለት ነው፣ ይጸዳል፣ ጭረት ከሆነ ግን ይተወው። ሁለቱም የካርድ ቦታዎች ይሞከሩ። ሌንስ የሚገባበት ቀለበት የተላጠ ወይም የላላ እንዳይሆን። አዳፕተሩን የካኖን የራሱን ይግዛ፣ እዚህ ላይ አይቆጥብ። ደረሰኙንም ይያዝ።

ሌላው ጊዜው ነው። ሥራሽ የሚጨናነቀው ጥምቀት አልፎ ጾም እስኪገባ ነው። እሱ ደግሞ ለጥምቀት ነው የሚመጣው። ካሜራው ከተራ ዕለት እጅሽ ገብቶ በሳምንቱ ሰርግ ላይ ዋና ካሜራ ሊሆን አይገባም። ቀደም ብሎ የሚመጣ የታመነ ሰው ካለ ይላክልሽ። ካልሆነ የመጀመሪያዎቹ ሰርጎች ላይ 6ዲው ዋና ይሁን፣ አር 6ቱ ሁለተኛ፣ ቀስ በቀስ ቦታ ይለዋወጡ። ለመለማመጃ ደግሞ ቤት ሙሉ ዘመድ አለልሽ፤ ልጆች ሲሯሯጡ የዓይን ፎከሱን ፈትኚው፣ ማታ በአንድ አምፖል እናትሽን ቡና ስትቆላ አንሺያት።

ፋሲል መዋኛ ግን አዲሱን ይዘሽ ጸበሉ ሲረጭ መሀል እንዳትገቢ። ሌሊቱን ጸሎቱን፣ ጎህ ሲቀድ ግድግዳው ላይ የተጠመጠሙትን ሥሮች፣ ያንን ሁሉ አንሺ። ወጣቱ ውኃው ውስጥ ዘሎ መግባት ሲጀምር 6ዲውን ላስቲክ አልብሰሽ በእሱ ቀጥዪ፤ 50ው ሌንስሽ ውኃ የሚከላከልበት ነገር የለውም። እዚያ አቧራና ውኃ መሀል ሌንስ አትቀይሪ። ሚረርለስ ላይ ሌንሱ ሲወጣ ሴንሰሩን የሚጋርደው መስታወት የለም። ሌንስ ከመቀየርሽ በፊት ካሜራውን ማጥፋት ልማድ አድርጊው።

ለእናትሽ የምትነግሪያት ከወንድምሽ ጋር ከተስማማሽ በኋላ ይሁን። ቀድማ ከሰማች፣ አንቺ ሳትደውዪ ቨርጂኒያ የሚደርሰው ወሬ «እህትህ ስጦታህን ናቀች» የሚል ይሆናል። ሰፈሩን አታስቢ። ካሜራ መጣ ይባላል፣ መጣ። ሶኒ ይሁን ካኖን ከጎረቤት ማን ገልብጦ ያያል?